ንብ የሰፈረበት ኮምፒዩተር

ሰኔ 9 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ መቱ

ዛሬ ኮምፒዩተር ይዤ ቤቴ ገባሁ። ጽፌው ሳየው ራሴም አላምን አልኩ።

ጎሬ የሄድኩት ለሥራ ነበር። የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ወደ መቱ ከተዛወረ ወዲህ እዚያ የቀረ አንድ አሮጌ መጋዘን አለ። እህል ሊገባበት ስለሆነ፣ «የሒሳብ ሠራተኛ ነህና ውስጡ ምን እንዳለ አይተህ ና» ተባልኩ። የመጋዘኑ ዘበኛ አቶ ቀጀላ ጥግ ላይ በጆንያ የተሸፈነ ነገር አሳዩኝና፣ «ይሄ በጃንሆይ ጊዜ እዚህ የነበረ የቡና ነጋዴ ፈረንጅ ጥሎት የሄደ ነው፤ ነገ አንጥረኛ ማረሻ ሊያደርገው ይወስደዋል» አሉ። ጆንያውን ገለጥ አደረግሁት። የጽሕፈት መኪና አይደለም። የመደመሪያ መኪናም አይደለም። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄጄ ከመስተዋት ጀርባ ቆሜ ያየሁት፣ ካርድ ሲያጎርሱት ስሌቱን ራሱ የሚሠራው፣ መልሱን በጠባብ ወረቀት እያተመ የሚያወጣው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ነው! እንዲህ ያለው ዛሬ የሠሩት ሰዎች እጅም ላይ አይገኝ ይሆናል። ማረሻ!

ወዲያው ለአለቃዬ ለጓድ ነገራ ስልክ ደወልኩ።

«ይሠራል?» አሉ።

«አይመስለኝም።»

«እንግዲያስ ምን አስደወለህ? ውሰደው።»

አውቶቡስ ላይ ጭኔ ላይ አስቀምጬው መጣሁ። አሁን ጭኔ ይኑር አይኑር አላውቅም። መንገድ ላይ ከውስጡ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ይወጣ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ «ምንድን ነው የሚያጉረመርመው?» ቢሉኝ፣ «ባትሪው ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ተቀምጦ አልሞተም፤ የድሮ ዕቃ እንዲህ ነው» ብዬ አስረዳኋቸው። በጣም ተደነቁ። እኔም ተደነቅሁ።

እትዬ መንበረ በር ላይ ጠበቀችኝ። ታላቅ እህቴ ናት፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ አብረን ነው የምንኖረው። የኔን ክፍል «የብረት መካነ መቃብር» ትለዋለች። እጀታቸው የሚዞር የመደመሪያ መኪናዎች አሉኝ፤ ፊደሏ የረገፈ የጽሕፈት መኪና አለችኝ፤ የቴሌግራም መምቻም አለኝ። ለምን እንደምሰበስባቸው በጠየቀችኝ ቁጥር «ለትውልድ» እላታለሁ። ዛሬም እንደዚያው አልኳት።

«ለየትኛው ትውልድ?» አለችና፣ አርባን አልፌ ሚስት የሌለኝን ሰው ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

ሰኔ 10

ባትሪ አይደለም። ንብ ነው።

ክዳኑን ፈታሁት። ከንፈሬ አፍንጫዬን ሊነካ ትንሽ ቀረው። ግራ ዐይኔ ተዘግቷል። ሥራ አልገባሁም። እትዬ ከደጅ ሆና ትስቃለች።

ሰኔ 13፣ ቅዳሜ

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ፤ የመኪናው ታሪክ አካል ነው።

ባለ ሱቋ ኸዲጃ ፊቴን አይታ አዘነችልኝና «በገበያ ቀን ከያዮ ማር ይዛ የምትመጣ ዲንቄ የምትባል ሴት አለች፤ ንብ እንደ ሰው ነው የምታናግረው» አለችኝ። ዛሬ ላከችልኝ። ወይዘሮ ዲንቄ የሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ሴት ናቸው፤ ባላቸው ሞቶባቸዋል። ገና በሩን ሲያልፉ ፊቴን አዩና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ጋሼ፣ ንቡ ነው እርስዎን ያስቸገረ ወይስ እርስዎ ንቡን?»

«እንግዲህ መጀመሪያ እሱ ነው እቤቴ የገባው» አልኩ። ከንፈሬ ስላበጠ «ብእቤቴ ብገባው» ነው የተሰማው። እንደገና ሳቁ።

መኪናውን ዞር ዞር ብለው አዩት። «ማሊ ኩን? ይሄ ምንድን ነው?»

«ኮምፒዩተር ነው። ያስባል።»

«ምን ያስባል?»

«ቁጥር።»

«ቁጥር ብቻ? ሲያሳዝን!» አሉ።

በዚህ ሁሉ ዘመን ለኮምፒዩተር ሲታዘንለት የሰማሁት ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ጭስ አጫጭሰው እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ከተቱና አውራዋን ንብ በጣታቸው ይዘው አወጡ። ሌላው ከኒሳ (ንቡን እንዲያ ነው የሚሉት) ተከትሏት ይዘው ወደ መጡት ቀፎ ገባ። አንዲት ንብ እንኳ አልነካቻቸውም። እኔ ሦስት ቦታ ተነደፍኩ፤ የቆምኩት አጥሩ ጥግ ነበር።

እትዬ ማታ «መልከ መልካም ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ዐይኔ ተዘግቶ ምን አያለሁ? በሌላው ግን የፊት ጥርሳቸው ፍንጭት መሆኑን፣ ሲስቁም ጭንቅላታቸውን ወደ ግራ ዘንበል እንደሚያደርጉ አይቻለሁ። ይህን የጻፍኩት ለትክክለኛነት ያህል ነው።

ሰኔ 16

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ባጫ መጣ። እኔ ቤት ውስጥ የሚያጉረመርም መሣሪያ እንዳለና ጭስ ሲወጣ እንደታየ ጥቆማ ደርሶታል።

«ወዴት ነው የሚያስተላልፈው?» አለኝ።

«ምንም አያስተላልፍም ጓድ። ይደምራል።»

«ለማን ነው የሚደምረው?»

«ለማንም።»

«ጓድ ገብረ መስቀል፣ ለማንም የሚደምር የለም። ሁሉም ለአንድ ወገን ነው የሚደምረው።»

በመኪናው ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞረ፣ በእርሳስ ነካ አደረገው፣ እርሳሱ ላይ ማር ስለተጣበቀበት አሸተተው፣ ከዚያም ላሰው። «እስኪጣራ ድረስ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» ብሎ ሄደ።

ኮምፒዩተሬ የቁም እስረኛ ሆነ። እርሳሱን ወስዶታል።

ሰኔ 20፣ ቅዳሜ

ውስጡ ሁሉ ሰም ነው። የቁጥር መምቻው ተጣብቋል፤ አምስትን ስነካ ስድስትም ሰባትም አብረው ይወርዳሉ። ሰሙን እኔው ራሴ ማውጣት አያቅተኝም፤ ነገር ግን ሰም የሠራውን የሚያውቅ ሰው ቢያየው ይሻላል ብዬ ወይዘሮ ዲንቄን አስጠራሁ። በስንጥር እየጫርን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየን። ስለ ንብ ብዙ ነገር ነገሩኝ። ስለ ኮምፒዩተር ብዙ ነገር ነገርኳቸው። ከሁለታችን ማን እንደሰማ እንጃ።

እትዬ ዛሬም ዘመድ ልጠይቅ ብላ ወጣች። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የሚታመም ዘመድ አለን ማለት ነው። ማን እንደሆነ አልነገረችኝም።

ሐምሌ 4፣ ቅዳሜ

ሠራ! ሠራ! ሠራ!

ከመጀመሪያው ልጀምር። ዛሬ የከተማው ጄኔሬተር ለስብሰባ ተብሎ በቀን ተነሣ። ወይዘሮ ዲንቄ እንደ አጋጣሚ እዚህ ነበሩ (የቀረ ሰም ይኖር እንደሆነ ለማየት)። ገመዱን ሰካሁ። አምፖላችን ደበዘዘ። ጎረቤት «መብራቱን ማን በላው?» ብሎ ጮኸ። ቀዩ መብራት በራ፤ ቀይ ስህተት ማለት ነው። ቆይቶ ቤቱን የማር ሽታ ሞላው፤ የቀረው ሰም እየቀለጠ ነው። ቀዩ ጠፋና አረንጓዴው በራ።

«ምን ልጠይቀው?» አልኩ።

«ቀላል ነገር ይስጡት» አሉ ወይዘሮ ዲንቄ በሹክሹክታ። «ገና መንቃቱ ነው።»

ሁለትና ሁለት ሰጠሁት። እንደ ወፍጮ አንጎራጎረ፣ ተርተር አደረገ፣ ወረቀቷ ብቅ አለች። አራት! ሁለታችንም ጮኽን። እኔ ምናልባት ዘልዬ ይሆናል። እጃቸውንም ይዤ ነበር ይባላል። ይህን የምትለው እትዬ ናት፤ «ምን ሆናችሁ?» ብላ ከጓዳ ወጣች። ዘመድ ጥየቃ ሄዳ አልነበረም እንዴ? መቼ ተመለሰች?

ሐምሌ 12

ወሬ።

ከመኪናው ጋር የተገኘው ቡናማ ካርድ ላይ ፈረንጁ የቡና ስሌት ቀርጾበታል። ካርዱን አጉርሰህ የጀንፈሉን ክብደት ስትነግረው፣ ተፈልፍሎ ስንት ንጹሕ ቡና እንደሚወጣው ይነግርሃል። ይህን መሥሪያ ቤት ለአንድ ሰው ነገርኩ። ለአንድ ሰው ብቻ! ዛሬ ጧት በሩ ሲንኳኳ ብከፍት፣ ከኛው ከኢሉባቦሩ ቡሬ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ጀንፈል በአህያ ጭነው ቆመዋል።

«ጀንፈል አስገብተውበት ንጹሕ ቡና የሚያወጣ መኪና አለ አሉኝ።»

ስህተቱን ላስረዳ ሞከርኩ። አልሰሙኝም። «በየት በኩል ነው የሚገባው?» ሲሉ ደክሞኝ የካርዱን ቀዳዳ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው መረመሩት፣ ከከረጢቱ አንድ ፍሬ አውጥተው ለኩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በዚህ ቀዳዳ ከሆነ እስከ ጥምቀትም አንጨርስም» ብለው አህያቸውን አዞሩ።

ሐምሌ 18፣ ቅዳሜ

ጉንዳን። በሰልፍ። ከአጥሩ ተነሥቶ በመስኮት በኩል አድርጎ ቀጥ ብሎ ወደ መኪናው። ወይዘሮ ዲንቄን ማስጠራት ግድ ሆነ። መጥተው አዩና ከመኪናው ጎን የተቀመጠውን የማር ማሰሮ አሳዩኝ፤ ክዳኑ ተከፍቷል።

«ማን ከፈተው?» አሉ።

አላውቅም አልኩ። በእርግጥም ማን እንደከፈተው ማወቅ ያስቸግራል፤ ቤት ውስጥ ከኔ በቀር ሰው አልነበረም።

ጉንዳኑን በአመድ መለሱት። ጥያቄውን አልደገሙትም፤ ግን ሲሄዱ ክዳኑን ራሳቸው ከድነው «ሌላ ቅዳሜ ሳይከፈትም እመጣለሁ» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሳስብ መሸ።

ሐምሌ 25፣ ቅዳሜ

ዝናብ። የያዮ መንገድ ተቆርጧል ይባላል። ዲንቄ አልመጣችም።

ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ማቆሚያ ሄጄ ቆምኩ። አውቶቡሶቹን ለማየት ነው። አንድም አልመጣም። እስኪጨልም አየሁት፤ ያልመጣውን አውቶቡስ። ኸዲጃ ከሱቋ ጃንጥላ ላከችልኝ፤ ማንን እንደምጠብቅ አልጠየቀችም። አለመጠየቋ ነው ያበሳጨኝ።

ኮምፒዩተሩን ዛሬ አልከፈትኩትም። ሰበብ የለኝም። እርጥበት ነው።

ነሐሴ 6

ጓድ ባጫ እንደገና። በዚህ ጊዜ ሳያንኳኳ ነው የገባው፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

መስከረም 2 ለአብዮት በዓል በአዳራሹ ኤግዚቢሽን አለ። ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ። እያንዳንዱ ቀበሌ የጥረቱን ፍሬ ማሳየት አለበት።

«የኛ ቀበሌ ያዘጋጀው አንድ ትልቅ ዱባ ነበር» አለኝ በሐዘን። «በዝናብ በሰበሰ። ስለዚህ ያንተን መኪና እናሳያለን።»

«እስረኛ አልነበረም እንዴ?»

«ተሐድሶ አግኝቷል።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በዚያ ቀን ባይሠራ ግን አንጥረኛው ጋ ይሄዳል። አንተም…» አለና ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተነሣ። ከተጨረሰ ዐረፍተ ነገር ያልተጨረሰው ይከብዳል።

ነሐሴ 11

ካርድ የሚስበው ላስቲክ በስብሷል። ካርዱ ገብቶ ይቀራል። አምላኬ።

ነሐሴ 12

ወረቀት አለቀ። ኸዲጃ ሱቅ ጠባብ ወረቀት የለም። ሰፊውን በምላጭ እየቆረጥኩ ነው። ጣቴም አብሮ።

ነሐሴ 16፣ ቅዳሜ

መንገዱ ተከፈተ። መጣች። የጠበቅሁት ስለ ላስቲኩ ለማማከር ነው።

«ላስቲክ ምን ዓይነት?» አለች። «ለስለስ ያለ፣ ግን የሚይዝ» አልኳት። ሁለታችንም ቤቱን በዐይናችን ስናስስ ዐይናችን እኩል በር ላይ ያረፈው የእትዬ ነጠላ ጫማ ላይ ሆነ። ምንም አልተነጋገርንም። እሷ በሩን ጠበቀች፤ እኔ ቆረጥኩ።

ካርዱ ያለ አንዳች መንገጫገጭ ሰተት ብሎ ገባ!

እትዬ ማታ ጫማዋን አንሥታ ለረጅም ጊዜ አየችው። «አይጥ ነው» አልኳት። «በመቀስ የምትቆርጥ አይጥ?» አለች። ዲንቄ አብራኝ እንደነበረች ስነግራት ግን ንዴቷ ድንገት በረደና «እንኳን ቆረጣችሁት፤ አሮጌ ነበር» አለችኝ። ጫማው የፋሲካ ነው። ሴቶች አይገቡኝም።

ጳጉሜ 4

እንቅልፍ የለም። ሲሠራ ሕልም አያለሁ፤ ሳይሠራ ሕልም አያለሁ። ትናንት በሕልሜ ዱባ ነበርኩ።

መስከረም 2 ቀን 1980 ዓ.ም.

የሆነውን ልጻፍ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ከኛ በስተግራ ሌላው ቀበሌ ያመጣው ጎመን፣ በስተቀኝ የሴቶች ማኅበር ስፌት። መሃል ላይ፣ በቀይ ጨርቅ ላይ፣ የኔ መኪና። ዲንቄ ከኋላ፣ ከኸዲጃና ከእትዬ ጋር ቆማለች፤ ለዚህ ብላ ከያዮ ትናንት መጥታ እኛ ቤት አድራለች። (እትዬ ናት የጋበዘቻት፤ እኔ የለሁበትም።)

ከአዲስ አበባ የመጡት ትልቅ ጓድ ደረሱ። ጓድ ባጫ ደረቱን ነፍቶ ጀመረ፦ «ይህ የቀበሌያችን ሰፊ ሕዝብ ከፊውዳሉ ፍርስራሽ ፈልቅቆ ያነቃው ዘመናዊ የስሌት መሣሪያ ነው!»

«ምን ያደርጋል?» አሉ እንግዳው።

«ማንኛውንም ጥያቄ ይመልሳል!» አለ ባጫ። ማንኛውንም! እግሩን ረገጥኩት፤ ዘግይቻለሁ።

«ጥሩ። በሚመጣው ዓመት ክፍለ ሀገሩ ስንት ቡና እንደሚያመርት ይንገረን።»

ካርዱን አጎረስኩት። የዓምናውን አስገባሁ፣ ዕቅዱን አስገባሁ፣ የመነሻውን ቁልፍ ተጫንኩ። መኪናው ማንጎራጎር ጀመረ። በዚያች ቅጽበት መብራቱ ብልጭ ብሎ ተመለሰ። የሰጠሁት ቁጥር ሁሉ ከውስጡ ተጠርጎ ጠፋ ማለት ነው። ተርተር አለ። ወረቀቷ ወጣች።

ዜሮ።

እንግዳው ወረቀቷን ወሰዱ። አነበቡ። ገለበጧት። እንደገና አነበቡ። ጓድ ነገራ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመሩ። አዳራሹ ውስጥ የጎመኑ ቅጠል ሲወድቅ ይሰማ ነበር።

«የኢሉባቦር ቡና… ዜሮ?» አሉ እንግዳው በቀስታ።

ከዚያ ጓድ ባጫ፣ ላብ እንደ ሶር ፏፏቴ እየወረደበት፣ ጮኸ፦

«ብክነት ነው ጓድ! ብክነቱን ነው የነገረን! በሚመጣው ዓመት የቡና ብክነት፣ ዜሮ!»

ከዚያ እንግዳው ፈገግ አሉ። ከዚያ አጨበጨቡ። እሳቸው ሲያጨበጭቡ አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ጎመን ያመጡትም ሳይቀሩ። ባጫ አቀፈኝ። ልብሱ ሊጨመቅ ይችል ነበር።

ከዚያ ሁሉ ጭብጨባ ውስጥ የዲንቄን ሳቅ ለየሁት። በእንዲህ ያለ ቀን ሳቅ መለየት የጆሮዬን ጥራት እንጂ ሌላ አያሳይም።

መስከረም 6

መኪናው ከአንጥረኛ ተርፏል። ይህን መጀመሪያ ልጻፍ፤ የሚቀጥለው ጥሩ አይደለምና።

እንግዳው እጅግ ስለተደሰቱ «እንዲህ ያለ መሣሪያ ለአምራቹ ገበሬ መቅረብ አለበት» ብለው አዘዋል። ከመኪናው ጋር ወደ ኖፓ ተዛውሬያለሁ።

«ጓድ» አልኳቸው ለአለቃዬ፣ «ኖፓ መብራት የለም።»

«መብራት በዕቅድ ተይዟል» አሉ ጓድ ነገራ።

«ኮምፒዩተሩ በዕቅድ አይሠራም እኮ።»

«እንግዲህ እኛስ በምን ነው የምንሠራው?» ብለው ማኅተሙን መቱ። መንገዱ ሲደርቅ እሄዳለሁ።

መስከረም 8፣ ቅዳሜ

ለዲንቄ ነገርኳት። ኖፓ ከመቱ በአንድ በኩል ነው፣ ያዮ በሌላ በኩል፤ ቅዳሜ የሚባል ነገር አይኖርም። ይህን ሁሉ አላልኳትም። «ተዛወርኩ» ብቻ ነው ያልኳት።

«ኖፓ ጥሩ ደን አለው» አለችና ቶሎ ተነሥታ ሄደች።

ጥሩ ደን አለው! ሌላ ምንም። እኔ ምን ቸገረኝ። ማታ እራት አልበላሁም፤ ሽሮው ጨው በዝቶበታል። እትዬ ገና አልጨመርኩበትም አለች።

መስከረም 10

ወስኛለሁ። ጓድ ነገራ ዘንድ ገብቼ «የኖፓ ውኃ ለሆዴ አይስማማኝም» አልኳቸው።

«ጠጥተኸው ታውቃለህ?»

«ሰምቻለሁ።»

«አንተ ከቀረህ መኪናው ያለ አንተ ይሄዳል፤ መመሪያው መመሪያ ነው። ጓድ ባጫ እወስደዋለሁ ብሏል።»

እሺ አልኩ። እሺ ስል ድምፄን አላወቅሁትም። ከአንጥረኛ እጅ የነጠቅሁትን፣ በስንጥር ሰሙን የለቀምኩለትን መኪና ለባጫ ሰጠሁት፤ እርሳስ ለሚልሰው ሰው። ሁሉም ለሆዴ ጤና ነው። መቱ ውስጥ ለመቆየት ሌላ ምክንያት የለኝም። በቅዳሜ ቀን ማር እዚህ ይገኛል፤ ማር ለሆድ ጥሩ ነው።

መስከረም 15፣ ቅዳሜ

ዲንቄ መጣች። ማር አልያዘችም። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው።

«ቀፎዎቼን ግማሹን ወደ ኖፓ ላክሁ» አለች። «ወንድሜ እዚያ ነው ያለው። ሳምንቱን ሙሉ ሳጓጉዝ ነው የሰነበትኩት።»

«ለምን?»

«ለከኒሳው።»

«ንብ ኖፓ ሄዶ ምን ይሠራል? ያዮ ደን አነሰው?»

«ኮምፒዩተርስ ኖፓ ሄዶ ምን ይሠራል?» አለች፤ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። የገባኝም ከረፈደ በኋላ መሰለኝ። ቀስ ብዬ ነገርኳት፦ እኔ ቀርቻለሁ፤ መኪናውን ለባጫ ሰጥቻለሁ።

«መኪናውን? ሰጡት?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ኖፓ… ከያዮ ሩቅ ነው።»

በዚህ ሁሉ ወራት «እርስዎ» ስትለኝ የኖረች ሴት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፦

«አንተ ሰውዬ፣ ንቡ ከመኪናው ወጣ እንጂ ካንተ ጭንቅላት አልወጣም! እኔ ቀፎ ተሸክሜ ኖፓ ስወጣ አንተ መቱ ልትቀር?»

ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። እትዬ ናት። ዘመድ ጥየቃ ሄጃለሁ ብላን ነበር።

መስከረም 18

ባጫ ቤት ሄድኩ። ልለምነው፣ ልወድቅበት ተዘጋጅቼ። አፌን ከመክፈቴ በፊት እጄን ያዘኝ።

«ጓድ ገብረ መስቀል፣ በእናትህ ውሰደው። ባለቤቴ ኖፓ ከሄድክ ብቻህን ነው ብላኛለች። ደግሞ ትናንት ቀዩ መብራት በራብኝ፤ የተናደደብኝ መሰለኝ፤ ከቤት ወጥቼ ሮጥኩ።»

እያቅማማሁ ተቀበልኩት። ትንሽ ማቅማማት ክብር ነው።

ጓድ ነገራ «ሆድህስ?» አሉኝ።

«ድኗል» አልኳቸው።

መስከረም 24

እትዬ መንበረ ወደ ያዮ ሽማግሌ ልካለች! ሦስት ሰዎች፣ በራሷ ሥልጣን። እኔን የጠየቀኝ የለም። ይህ ትልቅ ድፍረት ነው። ቁጣዬን ልነግራት ወደ ጓዳ ገባሁ፤ በሰበረችው ፋንታ የገዛችውን ሸክላ እያጠበች ነበር። ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ሳምኩ።

«ተነሥ ወዲያ» አለች ዐይኗን በነጠላዋ እየጠረገች። «ጫማዬን ግን ትገዛልኛለህ።»

ጥቅምት 1

የዲንቄ አባት እሺ ብለዋል። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት፦ «ሰውየው የሚሰበስበው ብረት ሰው ላይ ይወድቃል?» ሽማግሌዎቹ «እስካሁን አልወደቀም» ብለው መለሱ።

ጥቅምት 29

ሠርጉ ባለፈው እሑድ ሆነ። ብዙ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ የተደሰተ ሰው መጻፍ አይመቸውም ለካ። ባጫ ሲጨፍር ወንበር ሰብሯል።

ዛሬ ወደ ኖፓ ጉዞ። ጧት እትዬ የጭነት መኪናው ጋ ቆማ የመደመሪያዎቹን፣ የጽሕፈት መኪናዋን፣ የቴሌግራም መምቻውን አንድ በአንድ አቀበለችኝ። እንዲወጡላት ስትለምን የኖረችውን ሁሉ ስታቀብለኝ «ቀስ በል፣ ይሰበራል» ትላለች። ክፍሉ ባዶ ሲሆን አስጠላት መሰለኝ፤ ፊደሏ የረገፈችዋን መልሳ ወሰደች። «ይቺ ትቅር፤ ብቻዬን ምን እሆናለሁ» አለች። እዚያው እንድትቀመጥላት ተውኩላት።

ከዲንቄ ጋር ከላይ፣ ከጆንያዎች መሃል ተቀመጥን፤ ኮምፒዩተሩ በመሃላችን። መንገድ ላይ ያላሰብነው ዝናብ ጣል ጣል አለ። ያለን አንድ ላስቲክ ብቻ ነበር። እኔ አንሥቼ ኮምፒዩተሩን ሸፈንኩት። ዲንቄ ከእሱ ላይ ገፍፋ እኛ ላይ ደረበችው። ፊቴን ሳታይ አልቀረችም። ትንሽ ቆይታ ጠጋ አለችና ለሦስታችንም እንዲበቃ አድርጋ ዘረጋችው።

«መብራት ከሌለ ይሄ እዚያ ምን ያደርጋል?» አለችኝ ከላስቲኩ ሥር።

«ይቀመጣል» አልኳት። «ከእርጥበት ጠብቀን፣ በየጊዜው እየጠረግን። አንድ ቀን መብራት ይመጣል።»

«እኛስ?»

ብዙ የማስረዳው ነገር ነበረኝ፤ ስለ ደኑ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ሆዴ። ሁሉንም ተውኩት።

«እኛም እንቀመጣለን» አልኳት።